ሰባ አምስተኛው ቀን

አለበል ጣሊያን ከወጣ በኋላ ደብረ ማርቆስ ላይ ጥሩ ቤት ሠራ፤ ቆርቆሮ አለበሰው፣ መስኮቱንም መስታወት አደረገለት። ዝናብ ሲጥል ግን እዚያው ቤት ውስጥ ተቀምጦ የሚናፍቀው ሌላ ቤት ነበር፤ ከሮብ ገበያ በላይ፣ ጮቄ ሥር ያለው ዋሻ። ይህን ሲናገር የሰማው ሁሉ ይስቅበታል። "ቁንጫውና ረኃቡ ናፈቀህ?" ይሉታል። እሱም አብሮ ይስቃል። ቁንጫውም ረኃቡም እውነት ነበሩ። ግን በዚያ ዋሻ ደጃፍ እኅቱ ማንጠግቦሽ ነበረች፤ የኔታ ውበቱ ነበሩ፤ ጨው ነጋዴው ሐምዱም ከይጁቤ ብቅ ባለ ቁጥር አይቀርም ነበር። አሁን ከሦስቱ አንዳቸውም የሉም።

ነገሩ የሆነው በሠላሳ አንድ ዓመተ ምሕረት፣ በወርኃ ኅዳር ነው። ባለፈው ግንቦት የጣሊያን አውሮፕላን መንደሩን አቃጥሎት የተረፈው ሰው ከነከብቱ ወደ ገደሉ ወጥቶ ነበር። አውሮፕላን የሚመጣው ጠራራ ፀሐይ ላይ ስለሆነ ሰው እርሻውን ጎሕ ሲቀድና ጀምበር ስታዘቀዝቅ ይሠራል፤ ቀኑን ዋሻው አፍ ላይ ቁጭ ብሎ ያወራል። ወሬ ደግሞ ያልቃል። የጦሩ ወሬ አለቀ፣ የአዝመራው ወሬ አለቀ፤ ያላለቀው አለበል ተምሮ የመጣበት አገር ወሬ ብቻ ሆነ።

አለበል ከአሜሪካ የተመለሰው ጦርነቱ ሊጀመር ጥቂት ወራት ሲቀሩት ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ እርሻ ተምሮ ነበር፤ የተማረውም ዩታ በሚባል አገር፣ ከአንድ ሰፊ የጨው ሐይቅ አጠገብ ባለች ከተማ ነው። የከተማይቱ ሰዎች አብዛኞቹ ሞርሞን ይባላሉ። ክርስቲያን ነን ይላሉ፤ ሌሎቹ ክርስቲያኖች ግን አይደላችሁም ይሏቸዋል።

"እስቲ ያንን የወርቅ መጽሐፍ ድገመው" ይሉታል የኔታ ውበቱ። በልጅነቱ ዳዊት ያስደገሙት እሳቸው ናቸው፤ አሁን ደግሞ እሱን ማስደገሙን ወደውት ነበር።

"ከመቶ ዓመት በፊት ነው አሉ፣ የኔታ። ዮሴፍ የሚባል የገበሬ ልጅ አብያተ ክርስቲያናቱ እርስ በርስ ሲነካከሱ አየና፣ እውነተኛው የቱ ነው ብሎ ጫካ ገብቶ ጸለየ። በኋላም መልአክ መጥቶ ኮረብታ ውስጥ የተቀበረ የወርቅ ሰሌዳ አሳየው። የጥንት ሰዎች የጻፉት ነው። እሱም ተረጎመው።"

"ሰሌዳውስ አሁን የት አለ?"

"መልአኩ መልሶ ወሰደው።"

የኔታ ጭናቸውን እየመቱ ሳቁ። "ወሰደው! የኔንም በሬ ያጣሁት ለካ መልአክ ወስዶብኝ ነው!"

ሐምዱ ከአህያው ላይ አሞሌ እያወረደ ነበር። "መልአክ መጽሐፍ ማምጣቱ ምን ያስቃል፣ የኔታ? ለእኛም አምጥቶልናል።"

"አንተ ጨውህን ሽጥ!"

"እሸጣለሁ። ግን ይጠይቁልኝማ፣ ስንት ሚስት ያገባሉ?"

"ድሮ ብዙ የሚያገቡ ነበሩ" አለ አለበል። "መንግሥት ሲያስጨንቃቸው፣ የዛሬ ሃምሳ ዓመት ግድም ተዉት። አሁን ሁለተኛ የሚጨምረውን ከማኅበራቸው ያባርሩታል።"

"ብዙ ስትል ስንት?"

"አንዳንዱ ሦስት። ሃያ ያገባም ነበር።"

"ሃያ!" ሐምዱ አሞሌውን እንደታቀፈ ቆሞ ቀረ። "እኛን እንኳ አራት ላይ አቁሙ ብሎናል። አላህ ለእነዚያ ሰዎች ይዘንላቸው።"

ቡና አይጠጡም ሲላቸው የኔታ ደስ አላቸው።

"ትንባሆስ?"

"አይነኩም።"

"እሰየው! ጠላስ?"

"ጠላም ጠጅም አይቀምሱም።"

የኔታ ፊታቸው ተለወጠ። "እንግዲህ ኑፋቄ ሲጀምር እንዲህ ነው" አሉ። ከወሩ በመጀመሪያው እሑድ ይጾማሉ ሲላቸው ደግሞ ጆሯቸውን ያዙ። በትንሣኤው ቀን ጾም!

አንድ ቀን ግን ሰው ዘወር ሲል ጠብቀው ጠየቁት። "ተጠምቀህላቸዋል?"

"አልተጠመቅሁም፣ የኔታ።"

"እውነቱን?"

"እውነቴን ነው። ደጎች ናቸው፤ ድኻቸው አይለምንም፣ ወላጅ አልባው ሜዳ አይወድቅም። ጥቁር ሰው ቢጠመቅም እሺ ይላሉ። ክህነቱን ግን ለጥቁር አይሰጡም።"

የኔታ በእጃቸው ደረታቸውን ነኩ። "አይሰጡም? ታዲያ እኔ ምንድን ነኝ?"

አለበል ሳቀ እንጂ ሙሉውን አልነገራቸውም። የክህነቱ ነገር አስቀይሞት ነበር፤ ግን ሳይጠመቅ የቀረው በእሱ ብቻ አልነበረም። ማመን እምቢ ብሎታል። እዚያ እምቢ አለው፤ አገሬ ስገባ ይመለስልኛል ብሎ ሲመጣ እዚህም እምቢ አለው። በሰው እሳት እንደሚሞቅ እንግዳ፣ ከሚያምኑት ዳር መቀመጥን ብቻ ይወድ ነበር።

ይህ ሁሉ ሲወራ ማንጠግቦሽ ራቅ ብላ ትፈትላለች። አለበልን በስድስት ዓመት ትበልጠዋለች፤ በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት። ባሏ ከአርበኞቹ ጋር ነው። ከግንቦት ወዲህ ስትስቅ ያያት የለም።

ግንቦት ውስጥ ጥሩነሽ የምትባል ጨቅላ ልጇ ሞታባት ነበር። ሴት ልጅ በሰማንያ ቀኗ ነው ክርስትና የምትነሣው። መንደሩ ተቃጥሎ ሰው ሲሸሽ ጥሩነሽ ሰባ አምስተኛ ቀኗ ነበር፤ ትኩሳቱም የያዛት በዚያው ዕለት ነው። የምትሞት ሕፃን ከሆነች ካህን ቀኑን ሳይጠብቅ ያጠምቃታል። ካህኑ ግን አንድ የኔታ ብቻ ነበሩ፤ እሳቸውም ታቦቱን ከእሳቱ አውጥተው በራሳቸው ተሸክመው ወደ ገደሉ ይወጡ ነበር። ታቦት የተሸከመ ካህን አይናገርም፤ መንገድ ላይ አያወርድም። ማንጠግቦሽ መንገድ ዳር ቆማ ጮኸች፤ እሳቸው አለፉ። ታቦቱን አስገብተው ሲመለሱ ልጅቱ አልቃ ነበር። ያልተጠመቀ ፍትሐት የለውም፤ ከቤተ ክርስቲያን ቅጥርም አይገባም። ከአንድ ኮሶ ዛፍ ሥር ቀበሯት።

እንግዲህ በኅዳር አንድ ቀን አለበል ስለ ኤልዛ አወራ። ኤልዛ ቤት ያከራየችው አሮጊት ናት፤ በልጅነቷ ከዴንማርክ ባሕር ተሻግራ የመጣች። እንደ ልጇ አብልታዋለች፣ ታሞ አስታምማዋለች። ማታ ማታ አንድ ትልቅ ደብተር ትዘረጋና የሞቱ ዘመዶቿን ስም ትጽፋለች።

"እንደኛ ትውልድ ትቆጥራለች" አለ። "እኛ ሰባት ቤት የምንቆጥረው ዘመድ እንዳናገባ ነው። እሷ ልትጠመቅላቸው ነው።"

"ለማን?" አሉ የኔታ።

"ለሙታኑ። በቤተ መቅደሳቸው፣ በዐሥራ ሁለት የበሬ ምስል ላይ የተቀመጠ ገንዳ አለ አለችኝ፤ እኔ አልገባሁም። እሷ ውሃው ውስጥ ትቆማለች፣ የእናቷ ስም ይጠራል፣ ትጠልቃለች። የአያቷ ስም ይጠራል፣ ትጠልቃለች። ጳውሎስስ ስለ ሙታን የሚጠመቁ ሰዎች ብሎ የለም ወይ ይላሉ።"

"ቃሉን እኔ አጣሁት?" የኔታ ተቆጡ። "ሰው የሙታን ትንሣኤ አለ ብሎ አምኖ ለገዛ ነፍሱ ይጠመቃል ማለት ነው! አንዱ በልቶ ሌላው ይጠግባል?"

"በተዝካርስ እኛ በልተን አይደል ሟቹ የሚጠግበው?"

ሐምዱ ፊቱን ወደ አህያው አዞረ፤ ትከሻው ግን ይንቀጠቀጥ ነበር።

"ባሕር ማዶ የላክንህ ይህን ልትማር ነው?" አሉ የኔታ፤ ተነሥተውም ሄዱ።

አለበል ዘወር ሲል የማንጠግቦሽ እንዝርት ቆሟል። እሱኑ ትኩር ብላ ታየው ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ከጅረቱ ዳር ጠበቀችው።

"አለቤ፣ አጥምቀኝ።"

"አንቺ ተጠምቀሻል እኮ፣ እታለም።"

"ለኔ አይደለም።"

ያን ጊዜ መዋሸት ይችል ነበር። ሁለት ሦስት ቃል አንበልብሎ ውሃ ቢያፈስባት ማን ያውቅበታል? እሱ ራሱ ከሁለቱም ወገን የማያምን ሰው፣ ምን ይጎዳዋል? ግን አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት።

"ስሚኝ" አላት። "ኤልዛም ሁለት ጨቅላዎች ሞተውባታል። ስለ እነሱ አልተጠመቀችም። ለምን ብዬ ጠየቅኋት። ሕፃን ኀጢአት የለበትም፣ ከስምንት ዓመት በታች የሞተ ጥምቀት አያሻውም፣ ቀጥታ ከጌታ ዘንድ ነው አለችኝ። እምነታቸው እንዲያ ነው።"

"እሷ ይህን አመነች?"

"አመነች።"

"አታለቅስም ነበር?"

"ታለቅሳለች። የተወለዱበት ቀን ሲደርስ ጓሮ ትገባና ታለቅሳለች። ግን ከናፍቆት ነው እንጂ ከፍርሃት አልነበረም።"

ማንጠግቦሽ እንስራዋን አስቀመጠች። "እኔ መናፈቅ አልቻልኩም፣ አለቤ። ልናፍቃት ስል የት እንዳለች አላውቅም።"

አለበል እንስራዋን ሊሞላላት አነሣ፤ እሷ ቀማችው።

"የነሱ ሕፃናት አያሻቸው ይሆናል። የኔይቱ ግን አምስት ቀን ነው የቀራት። አምስት ቀን ብቻ። እሱን እኔ ልሙላላት።"

"እኔ ካህን አይደለሁም። እዚያም አልሆንኩ፣ እዚህም አልሆንኩ። እንደ ካህን ስሟን ብጠራ ውሸት ነው።"

"ውሸትም ይሁን።"

"ላንቺ አልዋሽም።"

እንስራዋን ሳትሞላ ወጣች። ሦስት ቀን አላናገረችውም።

በአራተኛው ቀን አለበል የኔታ ዘንድ ሄደ። ፀሐይ ላይ ተቀምጠው የተቀደደ ብራና ይሰፉ ነበር። የጠየቀችውን ሁሉ ነገራቸው፤ ነጎድጓዱንም ጠበቀ። የኔታ ግን ወስፌውን አስቀመጡ።

"ለእኅትህ የነገርኳትን ታውቃለህ?"

"ምን ነገሯት?"

"አልሰማሁሽም አልኳት። ሰው ይጮኻል፣ ከብት ይጮኻል፣ ድምፅሽን አልሰማሁም አልኳት።" ብራናውን አጣጠፉት፤ ደግሞ ዘረጉት። "ሰምቻታለሁ። 'የኔታ፣ ልጄ እየሄደችብኝ ነው' ነው ያለችው። ደንቡ አትቁም ይላል፤ አልቆምኩም። ነገም ብሸከም አልቆምም። ግን ደንቡ ዋሽ አይልም። የዋሸሁት እኔ ነኝ። አንተ እምቢ ያልካትን እኔ አድርጌዋለሁ።"

ተነሡ፤ መቋሚያቸውን ያዙ። "የት ናት?"

ጅረቱ ዳር ነጠላ ስታጥብ አገኟት። የኔታ እንደ ንስሐ ገቢ አንገታቸውን ደፍተው ቆሙ።

"ማንጠግቦሽ፣ ያን ቀን ድምፅሽን ሰምቻለሁ።"

ቀና ብላ አየቻቸው። "አውቃለሁ፣ የኔታ።"

"ታውቂያለሽ?"

"ስጮኽ እግርዎ ተንቀጠቀጠ። አየሁት።"

ማንጠግቦሽ እጇን በቀሚሷ አደረቀች። "ይቅር ብያለሁ። ይፍቱኝ። አሁን ውሃው ውስጥ ልግባ?"

"እንዲህ ያለ ሥርዓት የለንም፣ ልጄ። የዚያ አገር ሰዎች ተሳስተዋል፤ ዛሬም ነገም እላለሁ። ግቢ አልልሽም።" ዞሩና ፊታቸውን ወደ ገደሉ አደረጉ። "አትግቢም አልልሽም።"

የጮቄ ውሃ በኅዳር አጥንት ይሰብራል። ማንጠግቦሽ እስከ ወገቧ ገባች፤ ትንፋሿ ተቆረጠ። ወንድሟን አየችው።

"ካህን አትሁን" አለችው። "ዝም ብለህ ጥራት።"

አለበል የማንን ስም አስቀድሞ እንደሚጠራ፣ በምን ቃል እንደሚጀምር የሚያውቀው አልነበረም። ስለዚህ በማሳ ማዶ የምትጫወት ልጅ ለምሳ እንደሚጣራ ሰው ጮኸ።

"ጥሩነሽ!"

ማንጠግቦሽ ጠለቀች።

"ጥሩነሽ!"

ደግማ ጠለቀች።

በሦስተኛው ድምፁ ተሰበረ፤ እሷ ግን ሰምታው ኖሮ ጠለቀች፤ ቆየችም። ስትወጣ ጥርሷ ይንገጫገጭ ነበር። አለበል ጋቢውን አውልቆ አለበሳት።

"ያቺ አሮጊት" አለች እየተንቀጠቀጠች፣ "ከዚያ ገንዳ ወጥታ ምን አለችህ?"

"ውሃው ሞቅ ያለ ነው አለችኝ። እሳት አለው።"

"ሞቅ ያለ!" ማንጠግቦሽ አፈጠጠችበት። "ሞቅ ያለ ከሆነማ እኔም ለአገሩ ሙታን ሁሉ እጠመቅ ነበር!"

መጀመሪያ የሳቀችው እሷ ናት። ከዚያ አለበል ተከተላት። የኔታ ጀርባቸውን እንደሰጡ ትከሻቸው ይርገፈገፍ ነበር፤ ይሳቁ ያልቅሱ ከኋላ አይታወቅም።

"ጨረሳችሁ?" አሉ፣ ሳይዞሩ።

ሽቅብ ወጡ። ዋሻው ሊታይ ሲል ማንጠግቦሽ ቆም አለች።

"አለቤ፣ ስታዛጋ አይተሃት ታውቃለህ?"

"አላየሁም፣ እታለም።"

"እንደ ሽማግሌ እኮ ነው የምታዛጋው። አገጯን እንዲህ አድርጋ" አለችና አሳየችው። ከዚያም የጣቶቿን ማጠር፣ ጡት ስትለቅ የምታሰማውን ድምፅ፣ ግራ ጆሮዋ ላይ የነበረውን ምልክት እየነገረችው መንገዱን ቀጠለች። እንባዋ ይወርዳል፤ አትጠርገውም። የኔታም እርምጃቸውን አዘግይተው፣ አንዲት ቃል እንዳታመልጣቸው ከኋላ ከኋላ ይሰሙ ነበር።