ባለ ሦስት ቀዳዳው ቸርኬ

ደብረ ማርቆስ ውስጥ የእንዳላማውን ፔጆ አላውቅም የሚል ሰው ካለ፣ ወይ ትናንት ከመናኸሪያ የወረደ እንግዳ ነው፣ ወይ ዓይኑን ይታከም። 403 ናት፤ የንጉሡ ጊዜ መኪና። ቀለሟ እርጎ፣ መብራቷ ክብ፣ ማርሿ ከመሪው ሥር። አባቱ አቶ ይታያል በጉልምስናቸው ታክሲ ሠርተውባታል። ኋላ መለዋወጫ ከገበያ ሲጠፋ ጓሮ ቆመችና ዝናብ ሲወቅጣት፣ ዶሮ ሲታቀፍባት ኖረች። እንዳላማው መካኒክ ሆኖ እጁን ካፍታታ በኋላ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ፈታት፣ በየዳት፣ ቀባት፣ አስነሳት። ሚስቱ ጥሩነሽ «ሁለት ሚስት አለው፤ እኔ ታናሽዋ ነኝ» እያለች ለጎረቤት ታማው ነበር። ደግሞ ሐሰት የለባትም።

አሮጌ መኪና ማስነሳት አንድ ነገር ነው፤ አስነስቶ ማኖር ግን ሌላ ጣጣ ነው። የማርቆስ ደጋ አየሩ ስስ ስለሆነ ካርቡራተሩ ነዳጅ ይበዛበታል፤ ጠዋት ጠዋት ጥቁር ጭስ እያሳለች ነው የምትነሳው። የተበላ ዕቃ ካለ ምትኩ ሱቅ ውስጥ አይገኝም፤ ወይ በእጅ ይሠራል፣ ወይ የሌላ መኪና ዕቃ ተሞርዶ ይገባል። አቶ ይታያል ዓይናቸው ከጠፋ ሰባት ዓመት ሆኗቸዋል። ቢሆንም ጋቢያቸውን ደርበው ደጃፍ ካለው አግዳሚ ላይ ይቀመጡና ሞተሩን በጆሯቸው ይመረምሩታል። ሦስተኛዋ ካንዴላ አኩርፋለች ይላሉ። እንዳላማው ሲፈታት እውነትም ጥላሸት ለብሳ ያገኛታል። እንዲህ ነው ሁለቱ የሚጫወቱት፤ ሌላ ወሬ እምብዛም የላቸውም።

ይህ ሁሉ የተደከመላት መኪና ግን ከተነሣች ወዲህ ከከተማው ወጥታ አታውቅም። የአባትየው ሕግ ነው፤ ያለ ስኮርታ ከኬላ ማለፍ የለም። ስኮርታ ማለት መቼም ትርፍ ጎማ ነው። ጎማው ራሱ አይቸግርም፤ የቸገረው ጎማው የሚገባበት ብረት፣ ቸርኬው ነው። የሌላው መኪና ቸርኬ በአራት ወይም በአምስት ብሎን ሲታሰር፣ የዚህች በሦስት ነው የሚታሰረው፤ ሦስት ቀዳዳ ያለው ቸርኬ ደግሞ ዛሬ ከየት ይመጣል? አራቱ እግሯ ላይ አሉ። አምስተኛው የለም። እንዳላማው አንድ ጊዜ ስለ አምስተኛው ቢጠይቃቸው «ሰጥቼዋለሁ» አሉ፤ ከዚያ ወዲያ አንድ ቃል አልጨመሩም።

ነገሩ ለእንዳላማው የልጅነት ቁስልም ነበር። አባቱ እሱ ነፍስ ካወቀ ወዲህ በመኪናቸው ከማርቆስ ወጥተው ስለማያውቁ፣ ሌሎቹ ሾፌሮች «ይታያል ኬላ» የሚል ስም አውጥተውላቸዋል። ደጀን የሚደርሰው፣ አዲስ አበባ የሚመላለሰው ሁሉ ይስቅባቸዋል። ትምህርት ቤት እሱም «የኬላ ልጅ» ተብሏል። አንድ ሁለቴ ተደባድቦበታል፤ ሆዱ ግን የልጆቹን ስድብ አምኖ ነበር። አባቴ ፈሪ ነው ይል ነበር በልቡ። ይህን ለሰው ተናግሮ አያውቅም፤ ለጥሩነሽም ቢሆን።

የዚያን ዓመት ክረምት አቶ ይታያል በጠና ታመው ተነሡ። መስከረም ጠብቶ ፀሐይ ሲሞቁ፣ ቁይን ተሻግሬ የምሳለመው አንድ ደጅ ነበረኝ፣ ሳልደርስ ልሞት ነው መሰለኝ አሉ። እንዳላማው እንዴት ደንገጥ እንዳለ! አባቱ ይህን ፈለግሁ ብለው ሲናገሩ ሰምቶ አያውቅም። ነገውኑ በሚኒባስ እንሂድ አላቸው። በሰው መኪና አልሄድም፣ በራሴ መኪና እንጂ አሉት። እንግዲያው በራስዎ አላቸው። «ስኮርታ አለህ?» አሉና ፊታቸውን ወደ ፀሐዩ መለሱ። በቃ፣ እዚያ ላይ ቆመ።

እንዳላማው ቸርኬ ፍለጋ ወጣ። ባሕር ዳር ሄደ፤ የለም። አዲስ አበባ ወርዶ ሶማሌ ተራን ከዳር እስከ ዳር አሰሰ፤ ግማሹ ሳቀበት፣ ግማሹ አራት ቀዳዳ ያለውን ይዞ መጥቶ አንዱን ብትደፍነውስ አለው። አባቱ ደግሞ በየቀኑ ይከሳሉ። ተስፋ ሊቆርጥ ሲል ጌቱ የሚባል፣ ከቁይ እህል የሚጭን የአይሱዙ ሾፌር፣ ፍሬን ሊያስይዝ ጋራዡ ገባ። ፔጆዋን ዞር ዞር ብሎ አያትና ይህን የመሰለ ቸርኬ አውቃለሁ አለ። ከቁይ ወደ ዲማ ሲሄዱ መንገድ ዳር ያለች አንዲት ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ ወይራ ላይ ተሰቅሎ ደወል ሆኗል፤ ሦስት ቀዳዳውን ለውዝ ስበላ ቆጥሬዋለሁ አለ።

እንዳላማው ያን ቀን ምሳ አልበላም። ለአባቱም አልነገራቸው፤ ድንገት አምጥቶ እጃቸው ላይ ሊያኖረው ነዋ። ባዶ እጁን መሄድ ነውር ነው ብሎ ከአዲስ አበባ ጥሩ የነሐስ ደወል አስመጣ። ያረጀ ብረት ሰጥቶ የነሐስ ደወል መቀበልን ማን ይጠላል? መርቀው ነው የሚሸኙኝ ብሎ በልቡ ጨርሶታል። ደወሉን በጆንያ ጠቅልሎ በአውቶቡስ ቁይ ደረሰ፤ ከዚያ የሁለት ሰዓት መንገድ በእግሩ ሄደ።

ቸርኬው ጌቱ እንዳለው ነበር። በሰንሰለት ወይራው ላይ ተንጠልጥሏል፤ የሚመታበት ጎኑ ተልጎ ያበራል። እንዳላማው ሦስቱን ቀዳዳዎች አንድ በአንድ ጣቱን እየከተተ ቆጠረ። የደብሩ መሪጌታ ወልደ ሩፋኤል መቋሚያቸውን ይዘው መጡና ምን እንደፈለገ ጠየቁት። እሱም ጆንያውን ፈትቶ ነገሩን አስረዳ። መሪጌታ ደወሉን በጣታቸው ኳ አደረጉት፤ አዳመጡት፤ ድምፁ መልካም ነው፣ እግዚአብሔር ይስጥህ አሉ። ቸርኬው ግን አይሄድም። ልጆቻችንን ቀዳዳው ሦስት፣ ቸርኬው አንድ እያልን ምሥጢረ ሥላሴን ያስተማርንበት ነው፤ ይህስ ባይሆን የስለት ዕቃ ነው፣ የስለት ዕቃ አይለወጥም አሉት።

እንዳላማው ተናደደ። መናደዱ ባልከፋ፤ ድምፁን ከፍ ማድረጉ ነው እንጂ። ዓይናቸው የጠፋ፣ ሞት አፋፍ ላይ ያሉ አባት እንዳሉት፣ አንድ የሚሳለሙት ደጅ እንደቀራቸው፣ ያለዚህ ብረት እንደማይሄዱ ተናገረ። ለእናንተ ከብረት ብረት ምን ይለያል አለ። መሪጌታ እስኪጨርስ ሰሙትና አባትህ ማን ይባላሉ አሉት። ነገራቸው። ይታያል፣ የማርቆሱ ባለ ታክሲ ናቸው አለ።

መሪጌታ ከወይራው ሥር ካለው ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉ። ዕድሜውን ጠየቁት። አርባ ስድስት አላቸው። ልክ ነው አሉ፤ ከዚያ በዝግታ ነገሩት።

ያኔ እሳቸው ዲያቆን ነበሩ። አንዲት እርጎ የመሰለች መኪና መጣች፤ በዚያ አገር እንደዚያ ያለ ነገር ያየ አልነበረም። ባልና ሚስት ወረዱ፤ ሚስቲቱ ጤናዬ ትባላለች። ሦስት ልጅ በተከታታይ ቀብረዋል። ሰውየው ከዚህ ደጅ ተንበርክኮ፣ ሥላሴ ልጅ ሰጥተውኝ ዓመት ከሞላው ካለኝ ሁሉ ምትክ የሌለውን እሰጣለሁ ብሎ ተሳለ። በሁለተኛው ዓመት ጤናዬ ልጅ አዝላ ተመለሱ። ያኔ ንጉሡ ወርደው ለውጡ ገብቶ የፔጆ መለዋወጫ ወደ አገር መግባቱ ቀርቷል። ሰውየው የኋላውን ከፈተና ስኮርታውን አወጣ፤ ጎማውን አውልቆ ቸርኬውን ካህናቱ እግር ሥር አኖረው። ያን ጊዜ ደብሩ የድንጋይ ደወል ነበር ያለው። የደብሩ አለቃ፣ ልጄ፣ እንግዲህ መንገድ ላይ ጎማ ቢፈነዳ ምን ትሆናለህ ቢሉት፣ ከከተማ አልወጣማ ብሎ መለሰ። አንድ ነገር ብቻ ለመነ፤ ልጁ ሲያድግ እንዳይነገረው። ባለ ዕዳ ሆኖ እንዳያድግብኝ አለ።

«አሁን ግን አንተ በእግርህ መጣህ» አሉ መሪጌታ። «እንግዲህ ምን ልበልህ? ይህ ብረት በአንተ ፈንታ የተሰቀለ ነው።»

እንዳላማው ዞሮ ቸርኬውን አየው። የአባቱ ቤት ሲዘረፍ አብሮ የሚዘርፍ ሲባል ይሰማ ነበር፤ እሱ ግን ለብቻው ሊዘርፍ ነው የመጣው። ይታያል ኬላ። የኬላ ልጅ። አባቱ ያን ሁሉ ሳቅ ለአርባ አምስት ዓመት ዝም ብለው የጠጡት በእሱ ምክንያት ኖሯል፤ እሱ ደግሞ ፈሪ ብሏቸዋል። አለቀሰ፤ መሪጌታ ፊት እንደ ልጅ አለቀሰ። ሲወጣለት የነሐሱን ደወል መልሶ መሸከም አፈረና፣ ለክብረ በዓል ይሁንልኝ ብሎ ትቶላቸው ሄደ።

ቤቱ በገባ ማግስት ጠዋት ማልዶ ፔጆዋ ሥር ገባ። ግራሶ ሰጣት፣ ፍሬኗን አየ፣ የአራቱን ጎማ ነፋስ ለካ፤ የጎማ ማውለቂያና መለጠፊያ፣ የእግር ፓምፕና ሁለት ጀሪካን ውኃ ጫነ። አቶ ይታያል ከአግዳሚው ሆነው ሲንኮሻኮሽ ሰሙትና ወዴት ነው አሉ። ቁይን ተሻግረን ልንሳለም ነው አላቸው።

«ስኮርታ አለህ?»

«አለኝ፣ አባዬ።»

«የት አለ?»

«እርስዎ ያስቀመጡት ቦታ።»

ሽማግሌው የጋቢያቸውን ጥለት ይዘው ወደ እሱ ዞሩ። ማን ነገረህ አሉት፤ መሪጌታ ወልደ ሩፋኤል አላቸው። ያ ቀጭኑ ዲያቆን አለ እንዴ አሉና ኮታቸውንና ባርኔጣቸውን እንድታመጣላቸው ጥሩነሽን ጠሯት።

ኬላው ጋ ሲደርሱ አቶ ይታያል እጃቸውን አንሥተው ቀስ በል አሉት። አለፍነው ወይ አሉ። አለፍነው አላቸው። ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አኖሩና ፈገግ አሉ፤ እንዳላማው እንዲህ ፈገግ ሲሉ አይቶ አያውቅም። እሱ ግን ላብ በላብ ነው። ስኮርታቸው ላም አለኝ በሰማይ እንደሚሉት ሆኖ፣ ጠጠር ባየ ቁጥር ጎማው የፈነዳ ይመስለዋል። አምበር ሲደርሱ ሞተሩ ሞቀ፤ አባትየው ከእሱ ቀድመው ሰሙና ውኃ አጠጣት፣ ትንፋሽ አጥሯታል አሉ። ቁይን አልፈው ጠጠር መንገድ ሲገቡ አንድ ድንጋይ ሆዷን ጓ አደረጋት። ምንም አልሆነችም።

ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ሲደርሱ ቀትር ነበር፤ ዕለቱ ማክሰኞ፣ አገሩ ሁሉ ገብስ አጨዳ ላይ። እንዳላማው አባቱን እየመራ አሳለማቸው፤ ከዚያ ወደ ወይራው ወሰዳቸው። አቶ ይታያል ቸርኬውን በሁለት እጃቸው ዳበሱት። ሦስቱን ቀዳዳ ቆጠሩ፤ የተላገውን ጎኑን አገኙ። በምንድን ነው የሚመቱት አሉ። እንዳላማው ምንም ሳያስብ መምቻውን ብረት አቀበላቸው። እኚያ ደካማ ሽማግሌ ኃይሉን ከየት እንዳመጡት እንጃ፣ ባለ በሌለ አቅማቸው ሦስት ጊዜ አከታትለው መቱት።

ወይ ጉድ! በዚያ አገር ማክሰኞ ቀትር ላይ ደወል ከተመታ ወይ ቤት ተቃጥሏል፣ ወይ ሰው ሞቷል። አጫጁ ማጭዱን እንደያዘ፣ እረኛው ዱላውን እንዳነሣ፣ ሴቱ ነጠላውን እያደገደገ ከየአቅጣጫው ሮጦ መጣ። መሪጌታ መቋሚያቸውን ከፍ አድርገው ሰላም ነው፣ ሰላም ነው፣ የስለቱ ባለቤት መጥተው ነው እያሉ ሰዉን አረጋጉ። ገብሳችንን ጥለን ብለው ያጉረመረሙ አልጠፉም። እንዳላማው በሀፍረት የሚገባበት ጠፋው።

አቶ ይታያል ግን ብረቱን እንደያዙ ወደ ሰዉ ዞሩ።

«ይቅር በሉኝ» አሉ። «ሳይሰቀል ነበር ትቼው የሄድሁት። አርባ አምስት ዓመት ድምፁን ሰምቼው አላውቅም።»

ከዚያ አንዲት አሮጊት እልል አለች፤ ሌሎቹ ተቀበሏት። ያጉረመረመው ሰውዬ ራሱ መጥቶ ትከሻቸውን ሳመና፣ እኔ በዚህ ደወል ተጠርቼ ነው ክርስትና የተነሣሁት አላቸው። እንዳላማው ከአባቱ ጎን ቆሞ ነበር። በሕይወቱ እንደዚያን ቀን በአባቱ ኮርቶ አያውቅም።

ጠላና ቆሎ ቀርቦ፣ ምርቃት ተደርጎ ሲያበቃ ፀሐይዋ ዘንበል ብላለች። እንዳላማው አባቱን መኪናዋ ውስጥ አስቀምጦ ሞተሩን አስነሣ። አፍንጫዋን ወደ ቁይ ሊያዞር ሲል አቶ ይታያል እጃቸውን መሪው ላይ ጣል አደረጉ። ዲማ ከዚህ ሩቅ ነው ወይ አሉት። ሩቅስ አይደለም፣ ግን መንገዱ የባሰ ነው፣ ስኮርታም የለን፣ አባዬ አላቸው።

«ተወው» አሉ። «ይህን ያህል ዘመን ያለ ስኮርታ ያኖሩን ሥላሴ ዲማም ያደርሱናል። ንዳ።»

እንዳላማው አንደኛ ማርሽ አስገባ። አባትየው ሞተሩን አንድ አፍታ አዳመጡና፣ ሦስተኛዋ ካንዴላ ዛሬ ታርቃለች አሉ። እንዳላማው መሪውን ወደ ዲማ አዞረው።