ጥያቄው የወጣለት ታሪክ

ከማለዳው ጀምሮ አላስቀምጥ አላስቆም ብሎኛል። የሬዲዮ ጣቢያችን የኪነ ጥበብ ፕሮግራም ዛሬ ሠላሳ ዓመት ይሞላዋል፤ ታሪኩን አሰናድቼ ጨርሼ ነበር። ፕሮግራሙን በቆርቆሮ ቤት ጀምሮ በየቀኑ ሲመራው የኖረው ሽማግሌ ግን በዚሁ ሳምንት ዐረፈ። እዚህ አሊስ ስፕሪንግስ ደግሞ በነባሩ ተወላጅ ባህል የሟች ስም አይጠራም፤ ድምፁም ቤተሰቡ ካልፈቀደ በሬዲዮ አይሰማም። የድምፅ ባለሙያችን እንኳ የሟቹ ሞክሼ ስለሆነ ስሙን ትቶ በምትክ ስም ኩማንጃይ ተብሏል።

አለቃችን ዳሬል ከሲድኒ ከመጣ ገና ወሩ ነው።

"ሙዚቃ ልቀቂና ይለፍ" አለኝ።

"ዕድሜውን የጨረሰበትን ነገር በዘፈን ላድበስብሰው?" ብዬ ጮኽኩበት። 

መኪናዬን አስነስቼ ለቅሶው ሰፈር ከነፍኩ። የሟቹ ልጅ ዶሪን ከሴቶቹ ጋር መሬት ላይ ተቀምጣለች።

"ለቅሶ ልትደርሺ ነው ወይስ ካሴት ልታስፈቅጂ?" አለችኝ ገና ስታየኝ።

"ሁለቱንም፣ አክስቴ።"

"ጉደኛ! ያባቴን ድምፅ ዛሬ ብሰማ ጨርቄን ጥዬ ነው የማብደው። አይሆንም።"

"በፕሮግራሙ ያነጋገራቸው ሰዎችስ?"

"እነሱ ይናገሩ። እሱን ብቻ አውጪልኝ።"

ጣቢያ ተመልሼ ከኩማንጃይ ጋር ማሽኑ ላይ ተጣድን። የሽማግሌውን ጥያቄዎች አንድ በአንድ አወጣን። ኩማንጃይ መልሶቹን ሊያገጣጥማቸው ሲል እጁን ያዝኩት፤ ሽማግሌው ይናገርበት የነበረው ቦታ ባዶውን እንዲቀር ፈለግሁ።

ሰዓቱ ደረሰና ለቀቅነው።

"ቀዩ ቀለም አልቆብኝ ነው እንጂ ፀሐይቱን እንዲህ አልሥላትም ነበር" አለች አንዲት ሠዓሊ። ዝምታ። ከዚያ ሳቀች፤ "ውሸታም! ማን ነገረህ?" ቀጥሎ አንድ ከብት ነጂ ጊታሩን እየቃኘ፣ "እሺ፣ ላንተ ስል እዘፍነዋለሁ" አለ። ደግሞ ዝምታ።

ዳሬል ከመስታወቱ ማዶ ጣቱን አንገቱ ላይ እየጎተተ ቁረጪው ይለኛል። ስልኩ ጮኸ፤ ዶሪን ናት። 

"አክስቴ፣ አጠፋሁ? ላቋርጠው?"

"እንዳትነኪው!" ድምፅዋ ሰለለ። "ሁሉም እሱን እኮ ነው የሚያናግሩት። ሴቶቹ ዝም በተባለ ቁጥር አብረው ዝም ይላሉ።"

እንባዬ መጣ። ዳሬል በሩን በርግዶ ገባ፤ "ሙዚቃ አላልኩሽም?" አለ።  ስልኩን ሰጠሁት።