ጾም ያፈርሳል ተብሎ የተዘጋ ውሃ

ዙበይዳ የባሏን የሥራ ልብስ ከማጠቧ በፊት ደጅ አውጥታ ታራግፈዋለች። ነጩ ብናኝ ቡን ብሎ ይነሳና የሚኖሩበትን የመካ ሰፈር፣ የነካሳን ዳገት ይዞ ይወርዳል። ባሏ ኢስማኢል ከመካ ወጣ ብሎ ባለ የድንጋይ መቁረጫ ወርሻ ግራናይት ይቆርጣል፤ ድንጋዩ ጀርወል ሰፈር ለሚሠራ ሆቴል ደረጃ የሚሆን ነው። ታላቅ ወንድሟ ዑመርም እዚያው አብሮት ሲቆርጥ ነበር። አሁን ጅዳ፣ ካራንቲና ሰፈር፣ ያገር ልጆች በተከራዩት ክፍል ውስጥ ሆኖ ትንፋሽ ያሳድዳል።

ዶክተር ማርያማዊት የምትባል ያገራቸው ልጅ ዑመርን አይታ ከዙበይዳ እውነቱን አልሸሸገችም። “ሳንባው ውስጥ የተቀመጠው የድንጋይ ዱቄት ነው፤ አይወጣም። አብሮት የሚሠራ ሰው ካለ ግን ከዛሬ ጀምሮ በውሃ ይቁረጥ። አፍ ላይ ሻሽ መጠምጠም ይህን አያግደውም” አለቻት። ዙበይዳ ከዚያ ቀን ወዲህ እንቅልፍ የላትም።

ማሽኑ ውሃ አጥቶ አይደለም እኮ። ምላጩ ላይ ውሃ የሚያፈስ ቧንቧ አለው፤ ሲከፈት ብናኙ ጭቃ ሆኖ ይወርዳል። የዘጉት ራሳቸው ሠራተኞቹ ናቸው። አንድ ረመዳን ላይ፣ ፍንጣሪው አፋችን ገብቶ ጾማችንን ያፈርስብናል ብለው ፈሩ። የመንገድ አቧራ ጾም እንደማያፈርስ ከልጅነታቸው ያውቃሉ፤ ውሃ ግን ያፈርሳል። ስለዚህ ውሃውን ዘግተው አቧራውን ዋጡ። ረመዳን ሲያልፍ የሸዋል ስድስት ቀን ጾም መጣ፣ ከዚያ የየሳምንቱ ሰኞና ሐሙስ ጾም፣ ቧንቧውም እንደተዘጋ ቀረ። ውሃ በቦቴ እየገዛ የሚያስመጣው የወርሻው አለቃ፣ ሙዲሩ፣ ይህን ሲያይ “ማሻአላህ፣ ደጋግ ሰዎች ናችሁ” አላቸው። ምን ገዶት።

ዙበይዳ ሳይቃጠል በቅጠል ብላ ለመነች፤ ኢስማኢል ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። አገር ቤት እያለ ጾሙን አጉድሎ አያውቅም፤ እዚህ፣ ሐረም መስጊድ ደጃፍ ላይ ሆኖ ማጉደል ከሞት የባሰ መሰለው። እሷም እልኹን ስለምታውቅ፣ ዘንድሮ ረመዳን እንደገባ፣ ነካሳ ውስጥ ልጆችን ቁርአን ወደሚያስቀሩ አንድ የወረባቦ ሸህ ሄደች።

“አባቴ፣ የድንጋዩ አቧራ ይገድላል ብላናለች ሐኪም፤ ባሌ በውሃ ሲቆርጥ አፉ የሚገባው የውሃ ፍንጣሪ ጾሙን ያፈርስበታል?”

“ካልዋጠው ምን ሆኖ ያፈርሳል? ይትፋው። ውዱእ ሲያደርግ በጾም አፉ እየተጉመጠመጠ አይደል የሚሰግደው?” አሏት። “ሐኪም ይገድላል ያለውን አቧራ እያወቁ መዋጥንስ ማን ፈቀደለት?”

እየሮጠች ቤቷ ገባች። ኢስማኢል የሸሁን ቃል ሰምቶ አንገቱን ደፋ።

“ውዱእ ላይ ውሃው በእጄ ነው፣ ዙቤ። ማሽኑ ግን ፊቴ ላይ ነው የሚረጨው። ሳላውቅ ብውጠውስ? አላህ ፊት ምን እላለሁ?”

“እኔንስ ምን ትለኛለህ?” አለችው።

ተነስቶ መስገጃውን አነጠፈ። እሷ ነደደች። ቧንቧ ለመክፈት እጁን የማያነሳ ሰው ጀነት ሊገባ ነው፤ እሷ ደግሞ ባሏንም ወንድሟንም ቀብራ በሰው አገር ልትቀር ነው።

አርብ ዕለት ዑመርን ሊጠይቁ ጅዳ ወረዱ። ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ የሌለው ሰው መንገድ የሚሄደው ኬላ በመጣ ቁጥር ነፍሱ እየወጣች ነው፤ እንደምንም ደረሱ። ዑመር ግድግዳ ተደግፎ ተቀምጧል፤ ጋደም ሲል ይታፈናል። ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል። መግሪብ፣ ጾም የሚፈታበት ሰዓት፣ ገና ነው። ዙበይዳ ጨርቅ ውሃ ነክራ ከንፈሩን ልታርስለት ስትጠጋ እጇን ያዘ።

“ተይ። ጾመኛ ነኝ።”

“ወንድም ዓለም፣ አንተ ሕመምተኛ ነህ፤ አላህ ፈቅዶልሃል።”

“ጾሜን… ታፈርሺብኛለሽ” አለ፣ በቃልና በቃል መሀል እያለከለከ። ያ ሁሉ አቧራ የገባበት አፍ አንዲት ጠብታ ውሃ ፈርቶ ገጠመ።

ኢስማኢል ቆሞ ያይ ነበር። መጥቶ ዑመር አጠገብ ዝርፍጥ አለ። ጨርቁን ከሚስቱ እጅ ተቀብሎ “ጠጣ፣ ዑመር። ተሳስተናል። ወንጀሉ በእኔ ይሁን” አለው። ዑመር እምቢ ብሎ ፊቱን አዞረ። አዛን እስኪል ጠበቁት። አዛኑ ሲሰማ አፉን ከፈተ፤ ውሃው ግን ከሳሉ ጋር ተመልሶ ወጣ። ሳይነጋ ዑመር አለፈ።

እዚያው ጅዳ ቀብረውት ተመለሱ። በማግስቱ፣ መግሪብ ሲቃረብ፣ ኢስማኢል ልብሱ ከላይ እስከ ታች ረጥቦ፣ ጭቃ ለብሶ ከሥራ ገባ።

“ከፈትኩት” አላት። “ሙዲሩ ጮኸብኝ። ይጩኽ። ሌሎቹም ከፈቱ።”

ዙበይዳ እልል ማለት ቃጣት፤ ሐዘንተኛ መሆኗ ትዝ ሲላት ተወችው። አፍጥረው ሲያበቁ ልብሱን ይዛ ደጅ ወጣች። ዛሬ የሚራገፍ የለም። ሳፋው ላይ ስትጨምቀው ወፍራም ግራጫ ጭቃ ወረደ። ይህ ሁሉ ሳንባው ሊገባ የነበረ ነው እያለች አለቀሰች፤ ደስም አላት። ያ ረቢ፣ አንዱን ወሰድክ፣ አንዱን ተውክልኝ አለች።

ከውስጥ ኢስማኢል ሳለ። ጉንፋን ነው ብላ መጭመቋን ቀጠለች። ደግሞ ሳለ፤ ደረቅ፣ መጨረሻው ላይ ትንፋሽ ፍለጋ የሚጎተት ሳል። እጇ ልብሱ ላይ ቀረ። ይህን ሳል ታውቀዋለች፤ ጅዳ ከወንድሟ ጋር ቀብራው የመጣች መስሏት ነበር።