የመውጫው ውልና የእማማ ዊኒፍሬድ መቶኛ ልደት

ክሌመንት ሃርግሬቭ በዚህ የመውጫ ውል የተነሳ ብዙ ነገር አምልጦታል። የእህቱ ልጅ ስትዳር እሱ ምክር ቤት ተቀምጦ አንድ ሰውዬ ስለ ዓሣ አጥማጆች መብት ሲያወራ ይሰማ ነበር። የጥርስ ሐኪም ቀጠሮውን ደጋግሞ ከመሰረዙ የተነሳ ሐኪሙ ራሱ ጡረታ ወጣ። የእንግሊዝ ሕዝብ ከአውሮፓ ኅብረት እንውጣ ብሎ ድምፅ ከሰጠ ሁለት ዓመት አልፎታል፤ ሀገሪቱ ግን ኮቱን ለብሶ በር ላይ ቆሞ «እንግዲህ ልሂድ» እያለ ወሬ እንደማይጨርስ እንግዳ ሆናለች። አንዱ ቶሎ ውጡ ይላል፣ ሌላው ተመለሱና ተቀመጡ ይላል፣ በሩ ክፍት ስለሆነ ቤቱ በርዷል።

ማክሰኞ ዕለት የሚሆነው ነገር ግን በምንም ተአምር እንዳያመልጠው ለራሱ ምሏል። እናቱ እማማ ዊኒፍሬድ መቶ ዓመት ይሞላቸዋል። የሚኖሩት በሰሜን ባሕር ዳርቻ፣ ሃርትሲ በምትባል ነፋስ የማያጣት ከተማ፣ በአንድ የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ ነው። መቶ ለሞላ ሰው ሁሉ እንደሚደረገው የንግሥቲቱ የእንኳን አደረሰዎ ካርድ ቀድሞ ደርሷቸዋል፤ ይህንኑ ሊነግሩት ስልክ ደወሉ።

«ንግሥቲቱ ያ ሁሉ ሥራ እያለባት አልረሳችኝም» አሉ። «አንተስ?»

«እመጣለሁ እማዬ።»

«አምናም እመጣለሁ ብለህ ነበር።»

«አምና እኮ ድምፅ የሚሰጥበት ቀን ነበር።»

«ዘንድሮስ?»

ክሌመንት ጉሮሮውን ጠረገ። ዘንድሮም ድምፅ የሚሰጥበት ቀን ነበር፣ ያውም የትልቁ ድምፅ። መንግሥት ከኅብረቱ ጋር ሲጨቃጨቅ ከርሞ የተዋዋለው ውል በዚያው ማክሰኞ ማታ ለምክር ቤቱ ይቀርባል።

«ዘጠና ዘጠኝ ሲሞላኝ ቀረህ፣ ምንም አላልኩም» አሉ እናቱ። «መቶን ግን ደግሜ የምሞላው አይመስለኝም። ደግሞ እኔም እንውጣ ብዬ ነው ድምፅ የሰጠሁት። በሳምንቱ የሚያልቅ መስሎኝ ነበር።»

ክሌመንት በምክር ቤቱ የመንግሥት ወገን አባል ነው። በዚያ ቤት እያንዳንዱ ወገን ተጠሪዎች አሉት፤ ሥራቸው አባሎቻቸውን እየቆጠሩ ወደ ድምፅ መስጫው መንዳት ነው። ያለ ፈቃድ የቀረ አባል ከዚያ በኋላ የሚቀመጥበትን ወንበር እንጂ የሚያናግረውን ሰው አያገኝም። ግን አንድ የቆየ ልማድ አለ። ከዚህ ወገን አንድ፣ ከዚያ ወገን አንድ ሰው ይጣመሩና ሁለቱም ይቀራሉ፤ አንዱ አንዱን ስለሚያጣፋው ውጤቱ አይለወጥም። ይህ ጥምረት ፊርማ የለውም፣ ምስክርም የለውም። እጅ ለእጅ ተጨባብጦ ቃል መግባት ብቻ ነው።

የክሌመንት ተጣማሪ ከተቃዋሚው ወገን ኤምሪስ ፕሮበርት የሚባል ዌልሳዊ ነው፣ የድሮ የሙዚቃ አስተማሪ። በፖለቲካ የሚስማሙበት ነገር ቢፈለግ አይገኝም። በምክር ቤቱ ሻይ ክፍል የቅቤ ቂጣ ግን ሙሉ በሙሉ ይስማማሉ። እማማ ዊኒፍሬድ አንድ ክረምት ምክር ቤቱን ሊጎበኙ ሲመጡ ከኤምሪስ ጋር ተዋውቀው ሲሳሳቁ ዋሉ፤ ከዚያ ወዲህ ለልደታቸው የሀገሩን ትንንሽ ኬክ በፖስታ ሳይልክ ቀርቶ አያውቅም። እናቱ ለክሌመንት «እኔን ከጠየቅከኝ ከሱ ወገን ብትሆን ይሻልህ ነበር» ብለውታል።

«ኤምሪስ፣ ማክሰኞ ትቀርልኛለህ?» አለው ክሌመንት ሻይ ክፍል ውስጥ።

«ማክሰኞ? አንተ ሰው፣ ማክሰኞ እኮ ሬሳም ቢሆን ተነስቶ ድምፅ ይስጥ የተባለበት ቀን ነው!»

«እናቴ መቶ ዓመት ይሞላታል።»

ኤምሪስ ቂጣውን አስቀመጠ። «ይሄንን ነው የምትለምነኝ? ቀርቻለሁ በቃ። ግን የኛዎቹ ተጠሪዎች ካገኙኝ በክራባቴ ጎትተው ነው የሚያስገቡኝ። ስልኬን ዘግቼ ማንም የማይፈልገኝ ቦታ እሄዳለሁ።»

«የት?»

«ከነገርኩህማ ምኑን ተደበቅኩት?»

ቅቤ በነካው እጃቸው ተጨባበጡ።

ማክሰኞ ጠዋት ክሌመንት እናቱ የሚወዱትን ጣፋጭ ወይን በቦርሳው ይዞ ከለንደኑ ኪንግስ ክሮስ ጣቢያ ባቡር ተሳፈረ። የእንግሊዝ ሰው ባቡር ውስጥ አያወራም። የመውጫው ውል ግን ይህንንም ባሕል አፍርሶታል። ከክሌመንት ፊት ለፊት ውሻ ያቀፈች ሴትዮና ጋዜጣ የያዘ ሽማግሌ ለንደንን ሳይለቁ በክርክር ተያይዘዋል።

«ይሄ ውል እኮ መውጣት አይደለም፣ እግርን ውስጥ ትቶ ጭንቅላትን ማውጣት ነው» አለ ሽማግሌው።

«ለመሆኑ አንብበውታል?» አለች ሴትዮዋ።

«ያን ሁሉ ገጽ? እርስዎስ?»

«እኔማ ለመቃወም ምን ማንበብ ያስፈልገኛል!»

ሁለቱም እንደሚቃወሙት ሲያውቁ ትንሽ ደነገጡ። እሷ የምትቃወመው አንወጣም ብላ ነው፣ እሱ ደግሞ ጨርሰን አልወጣንም ብሎ። ወዲያው ሁለቱም ወደ ክሌመንት ዞሩ።

«እርስዎ ምን ይላሉ?»

«እኔ የጥርስ ሐኪም ነኝ» አለ ክሌመንት፣ መስኮቱን እያየ።

ፒተርቦሮ ከተማ ሊደርሱ ጥቂት ሲቀር ስልኩ ጮኸ። ሮዋና ፊንች ነበረች፣ የወገኑ ተጠሪ፤ በዕድሜ ልጁ ብትሆንም ስልኳ ሲመጣ ቀጥ ብሎ የሚቀመጥላት ሴት።

«ክሌመንት፣ ተጣማሪዎ ጠፍቷል» አለችው።

«እንዲጠፋ እኮ ነው የተስማማነው።»

«አልገባዎትም። የገዛ ሰዎቹም የት እንዳለ አናውቅም እያሉ ነው። አናውቅም! ደብቀውት ነው እንጂ። የድምፅ መስጫው ደወል ሲደወል ከአንዱ ቁም ሣጥን ብቅ ይላል።»

«ኤምሪስ እንዲህ አያደርግም።»

«ለምን አያደርግም? አምና የኛ ሰው አድርጎባቸው የለ? ተጣምሮ፣ ቃል ገብቶ፣ ዞሮ ድምፁን ሰጠ። እኛ ያደረግነውን እነሱ የማያደርጉበት ምን ምክንያት አለ?»

«ለነገሩ ያው መሸነፋችን አይቀርም» ብሎ ሞከረ ክሌመንት።

«መሸነፋችንን አውቃለሁ! በስንት ነው ጉዳዩ። ይመለሱ።»

ወደ ኤምሪስ ደወለ፤ ስልኩ ዝግ ነው። እዘጋዋለሁ ብሎ ነግሮታል፣ ስለዚህ መዘጋቱ ቃሉን መጠበቁ ነው። ግን ሊሸውድ ያሰበ ሰውም ስልኩን ይዘጋል። ከሮዋና ስልክ በፊት የዚያ ዝግ ስልክ ትርጉም አንድ ብቻ ነበር፤ አሁን ሁለት ሆነ። ክሌመንት ኤምሪስን አልጠረጠረውም፣ ይህን ለራሱ ደጋግሞ ነገረው። እንዲያው ምናልባት ብሎ ነው እንጂ። ምናልባት ብሎ ቦርሳውን አወረደ፣ ምናልባት ብሎ ኮቱን ለበሰ፣ ባቡሩ ሲቆም ምናልባት ብሎ ፒተርቦሮ ላይ ወረደ።

ከጣቢያው ሆኖ ወደ መኖሪያው ደውሎ ለተንከባካቢዋ ባቡሩ ተበላሽቷልና አልደርስም ብሎ ነገራት። እንግሊዝ ሀገር ውስጥ ባቡር ተበላሸ የሚልን ሰው የሚጠራጠር የለም። እንዲያውም ሴትዮዋ አዘነችለት፣ እሱም ሐዘኔታውን ተቀበለ። ቀጥሎ ወደ ለንደን በሚመለሰው ባቡር ተሳፈረ። መንገድ ላይ ወደ ሰሜን የሚሄድ ባቡር በአጠገቡ ሽው ብሎ ሲያልፍ ቀና ብሎም አላየውም።

ምክር ቤቱ እንደ ገበያ ሞልቶ ጠበቀው። አንዱ ተነስቶ ይህ ውል ባርነት ነው አለ። ሌላው ተነስቶ ያለዚህ ውል መድኃኒት እንኳን አናገኝም አለ። ሦስተኛው የአየርላንድን ድንበር አንስቶ አለቀሰ ማለት ይቻላል፤ አራተኛው ሌሎቹ ሁሉ ያሉትን እኔ አልደግመውም ብሎ አንድ ሳያስቀር ደገመው። አፈ ጉባኤው ጸጥታ እያሉ ድምፃቸው ዘጋ። ክሌመንት ሰዓቱን አየ። ከቀኑ አሥር ሰዓት ተኩል፤ ሃርትሲ ውስጥ ሻማው ይጠፋል። እናቱ ሻማ ለማጥፋት ትንፋሽ አይበቃቸው ይሆናል፣ እሱ ነበር የሚያግዛቸው።

ሲመሽ ደወሉ ተደወለ። በዚያ ቤት ድምፅ የሚሰጠው በእግር ነው። ውሉን የሚደግፉ በአንድ መተላለፊያ፣ የሚቃወሙ በሌላው ተሰልፈው ያልፋሉ፣ በሩም ይቆለፋል። ክሌመንት በራሱ በኩል ከመግባቱ በፊት የወዲያኛው በር አጠገብ ቆሞ የሚጎርፈውን ሕዝብ አንድ በአንድ አየ። ኤምሪስን ይፈልግ ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ እዚያ ቢያየው ደስ ይለው ነበር። ወዳጁ ሲከዳው በዓይኑ ቢያይ የእናቱን ልደት ጥሎ መምጣቱ ትክክል ሊሆንለት ነው። የመጨረሻው ሰው ገባ፣ በሩ ሊቆለፍ ሆነ፣ ኤምሪስ ግን የለም። ሮዋና ክንዱን ይዛ ወደ ሌላኛው መተላለፊያ ገፋችው።

ውሉ ወደቀ፣ ያውም አወዳደቁ ለወሬ በሚያስቸግር ሁኔታ። ልዩነቱ ከሁለት መቶ በላይ ነበር።

ክሌመንት ወደ ሻይ ክፍል ሮጠ፤ ኤምሪስ የለም። ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥም የለም። ያን ጊዜ ጥግ ይዞ ወደ እናቱ ክፍል ደወለ።

«ሃሎ፣ የመቶ ዓመቷ እመቤት ስልክ ነው» አለ አንድ የሚያዜም ዌልሳዊ ድምፅ።

ክሌመንት ግድግዳውን ተደገፈ። «ኤምሪስ?»

«ክሌም! ባቡርህን ሠሩልህ?»

«እዚያ ምን ትሠራለህ?»

«ማንም የማይፈልገኝ ቦታ እሄዳለሁ አላልኩህም? የኛዎቹ እማማ ዊኒ ጓዳ ውስጥ ይፈልጉኛል ብለው አያስቡም። ካንተ የሚቀጥለውን ባቡር ይዤ መጣሁ። አብረን ልናስደንቃቸው ነበር ሐሳቤ። ስደርስ አንተ የለህም። ቴሌቪዥኑን ከፍተውት ነበር፣ ክሌም። ቤቱ ሁሉ ሰብሰብ ብሎ ምክር ቤቱን ሲያይ ነበር። ራሰ በራህን መጀመሪያ ያወቁት እማማ ናቸው። መነጽር እንኳን አላደረጉም።»

ክሌመንት አፈረ። ፊቱ ብቻ ሳይሆን ጀርባው ሁሉ ጋለ። ይቅርታ ሊል አፉን ከፈተ፤ የእንግሊዝ ሰው ሲገፉትም ሲገፋም ይቅርታ ማለት ይችልበታል፤ የዚያን ዕለት ግን ቃሉ አልወጣም አለ።

«ድምፅ ሰጠህ?» አለ ኤምሪስ በቀስታ።

«ሰጠሁ።»

«እሺ። እኔም ያንተን ድርሻ ኬክ በልቼዋለሁ። እማማ ያናግሩሃል።»

እናቱ ስልኩን ተቀበሉ። «አሸነፋችሁ?»

«አይ እማዬ።»

«በስንት?»

ነገራቸው።

«ከሁለት መቶ በላይ!» አሉ እማማ ዊኒፍሬድ። «ታዲያ ያንተ አንዷ ድምፅ እዚያ ምን ልትፈጥር ሄደች?»

ይህን ሮዋና ብትሰማ ምናልባት አንድ ነገር ትል ይሆናል።

«አይዞህ ልጄ» አሉ እናቱ። «ባቡር ነው፣ ምን ታደርገዋለህ።» ቢቆጡት ይሻለው ነበር።

ቅዳሜ ወይኑን ይዞ ሃርትሲ ደረሰ። ባቡሩ እንከን አልነበረውም፣ እንዲያውም ቀድሞ ገባ። እናቱ ሳሙት፣ ክብደት ጨምረሃል አሉት፣ ኤምሪስ እንደገና ሊጣመረው ፈቃደኛ መሆኑን ነገሩት፤ «እኔ ተው ብዬው ነበር» አሉ። ወይኑን ሲቀዳላቸው ዓይኑ ግድግዳው ላይ አረፈ። አዲስ ፎቶግራፍ ተሰቅሏል። እማማ ዊኒፍሬድ የንግሥቲቱን ካርድ ደረታቸው ላይ ይዘው መሃል ተቀምጠዋል። ለክሌመንት በተዘጋጀው ወንበር ላይ ደግሞ ኤምሪስ የወረቀት ባርኔጣ ደፍቶ፣ ጉንጩን ነፍቶ ሻማ ያጠፋል።

ይህን ጊዜ በዚያው ሳምንት ወደ መኖሪያው የገቡ አንዲት አሮጊት በምርኩዝ እያዘገሙ ሊተዋወቁ መጡ። ካርዱን አደነቁ። ከዚያ ወደ ፎቶው ጠጋ ብለው «እንዴት ደስ የሚል ፊት አለው! ልጅዎ ነው?» ብለው ጠየቁ።

እማማ ዊኒፍሬድ ፎቶውን አዩ፣ ጠርሙስ ይዞ የቆመውን ክሌመንትን አዩ፣ ተመልሰው ፎቶውን አዩ።

«ያን ዕለት፣ አዎ» አሉ።