ከአባባ ቤት የተዛወረው መስመር

ቴክኒሻኑ የመጨረሻዋን ሽቦ ሰክቶ ከወለሉ ሲነሳ ጉልበቱ ቋ አለ። አልጋዬ ገና አልተገጠመም፤ መጽሐፎቼ በካርቶን፣ ድስቶቼ በፌስታል ናቸው። በአዲሱ ቤቴ ውስጥ ቦታውን የያዘ ዕቃ ቢኖር ግድግዳው ሥር አረንጓዴ መብራቱን የሚያብለጨልጨው ነጭ የዋይፋይ ሳጥን ብቻ ነው።

"በል እንግዲህ፣ ቤት ማለት አሁን ነው" አለኝ እጁን በሱሪው እየጠረገ። "ሶፋ የሌለው ሰው ቤት እንግዳ ይመጣል። ዋይፋይ የሌለው ቤት ግን ማን ይቀመጣል?"

ሳቅሁና ስልኬን አወጣሁ። አሥር ሰዓት ከሩብ ሆኗል። አዲሱን መስመር በምን እንደምሞክረው ከጠዋት ጀምሮ አስቤበት ነበር፤ አባቴ ቤት ያለውን ካሜራ ከፍቼ "አባባ፣ ዛሬ ከራሴ ቤት ነው የማወራህ" ልለው።

ካሜራው ፊት ለፊት ያለው የአባባ ወንበር ግን ስልኬ ላይ አልመጣም። ማያው ጥቁር ነው። መሐሉ ላይ "ካሜራው አልተገኘም" ይላል። ዘግቼ ከፈትኩት። ያው ነው።

"እዚያኛው ቤት ኢንተርኔቱ ተበላሸ መሰለኝ" አልኩ።

"የትኛው እዚያኛው ቤት?"

"አባቴ ቤት። የድሮው አድራሻዬ።"

የመሣሪያ ቦርሳውን ሲዘጋ የነበረው እጁ ቆመ። "እሱማ ወደዚህ ተዛወረ እኮ፣ ወንድሜ። ጠዋት እዚያ ተዘጋ፣ አሁን እዚህ ተከፈተ። ውልህ እኮ አንድ ነው።"

ካሜራውን ደግሜ ከፈትኩት።

አባባ ዕድሜውን ሙሉ ሬድዮ ጠጋኝ ነበር። ካለፈው ዓመት ወዲህ ነገር ይረሳል፤ መጀመሪያ ቁልፍ፣ ቀጥሎ ቀን፣ ከዚያ ሰው። ብቻውን እንዳይቀመጥ ሐኪሙ አስጠንቅቆናል። ቀን ቀን አንዲት አስታማሚ አብራው ትውልና አሥር ሰዓት ላይ ትወጣለች። አብራው የምትኖረው ታላቅ እህቴ ነርስ ናት፤ ከሆስፒታል አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ትገባለች። መሐል ላይ ያሉትን ሁለት ሰዓታት የምሞላው እኔ ነበርኩ። ከከተማው ሌላኛው ጫፍ ባለው የውኃ ላቦራቶሪ ሥራ ስይዝ ግን ሁለቱ ሰዓታት ባዶ ቀሩ። ከእህቴ ጋር ተመካክረን የሚያናግር ካሜራ ገዛንና ከአባባ ወንበር ፊት ለፊት አቆምነው። አሥር ሰዓት ሲሆን ከቢሮ እከፍተዋለሁ፤ አባባ ተቀምጦ ያወጋኛል። ካሜራውን "ሬድዮ" ነው የሚለው። ሁለት ሳምንት እንዲህ አለፈና ተሳካልን ብለን ተማመንን። መኪና ጥበቃ ያማረረኝ እኔም በላቦራቶሪው አቅራቢያ ቤት ተከራየሁ።

ኢንተርኔቱን ስመርጥ እንደ ልማዴ ተጠንቅቄ ነበር። ሠንጠረዥ ሠራሁ። አንደኛው ምርጫ ሁለት ዓመት የሚያስር አዲስ የፋይበር ውል ነው፤ ሁለተኛው በሲም ካርድ የሚሠራ ሳጥን፤ ሦስተኛው "ቤት ሲቀይሩ ውልዎን ይዘው ይሂዱ" የሚል፣ በነባሩ ዋጋ፣ ያለ መመዝገቢያ ክፍያ። የአባባ ቤት መስመር ተማሪ ሳለሁ ያስገባሁት ስለሆነ በኔ ስም ነው። ሦስተኛውን መረጥኩ። የኢንተርኔት ድርጅቱ ሱቅ ውስጥ ያስተናገደኝን ልጅ እንዲያውም መስመሩ እንዳይቋረጥብኝ ብዬ ሁለት ጊዜ ጠይቄዋለሁ።

"አንድም ቀን አይቋረጥብህም" አለኝ።

አልዋሸኝም። እውነትም በኔ ላይ አልተቋረጠም። ስለ አባባ እኔ አልጠየቅሁ፣ እሱ ከየት ይወቅ?

ቴክኒሻኑን ቤቱ ውስጥ ትቼው ወጣሁ። "ኧረ ፈርምልኝ!" እያለ ደረጃው ላይ ሲከተለኝ ትዝ ይለኛል። ታክሲ ውስጥ ሆኜ አስታማሚዋ ጋ ደወልኩ፤ ስልኳ ዝግ ነው። እህቴ ጋ ደወልኩ፤ ሥራ ላይ ስትሆን ስልኳን ሎከር ውስጥ እንደምትቆልፍ እያወቅሁ። ከአባባ ቤት ሥር ሱቅ ያለው ልብስ ሰፊ ጋ ሦስቴ ደወልኩ፤ ይጠራል፣ አይነሳም። በመጨረሻ ድርጅቱ ጋ ደወልኩ።

"እባክሽ እህቴ፣ የድሮው አድራሻ ላይ መስመሩን አሁኑኑ መልሱልኝ። አባቴ ብቻውን ነው።"

"አንድ ጊዜ ይጠብቁኝ" አለች። ሙዚቃ ተከፈተ። ሾፌሩ በመስታወቱ አየኝ። ሙዚቃው ቆመ። "ሲስተሙ ላይ እንደማየው ዝውውሩ በተሳካ ሁኔታ ተጠናቋል። እንኳን ለአዲሱ ቤትዎ አበቃዎት!"

መልሱልኝ ብዬ ደገምኩላት። ጥያቄዬን መዝግባ ለሚመለከተው ክፍል እንደምታስተላልፍና እንደሚደውሉልኝ ነገረችኝ። ድምፅዋ ትሁት ነበር። ልቆጣት ፈልጌ በምን እንደምቆጣት አጣሁ።

"ጌታው፣ አቋራጭ ያውቃሉ?" አልኩት ሾፌሩን።

"አቋራጩም ተዘግቷል፣ የኔ ወንድም። አይዞህ፣ እንደርሳለን።"

አሥራ አንድ ሰዓት ከአምስት ላይ ደረስን። ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለልኩ ወጣሁ። በሩ ገርበብ ብሏል። ገና ሳልገፋው የተቃጠለ ጨርቅ ሽታ አፍንጫዬን መታኝ።

የምግብ ጠረጴዛው ላይ የአባባ የድሮ መበየጃ ተሰክቶ ግሏል። ከማስቀመጫው ተንሸራቶ የጠረጴዛውን ልብስ እየበላ ነው። ቀዳዳው ዙሪያውን ቀልቷል፤ ጭሱ ቀጥ ብሎ ወደ ጣሪያው ይወጣል። ሽቦውን ነቀልኩ፣ መበየጃውን ማጠቢያው ውስጥ ወረወርኩ፣ ጨርቁ ላይ የማሰሮ ውኃ ደፋሁ። ከዚያ በኋላ ነው ጠረጴዛውን በደንብ ያየሁት። የካሜራው ቅርፊት ተከፍቶ ለብቻው ተቀምጧል። ብሎኖቹ በአንድ የጠርሙስ ክዳን ውስጥ ተለቅመዋል። ያረጀችው ማጉያ መነጽሩ ከጎኑ ናት። የካሜራው ሆድ ዕቃ ግን የለም።

"አባባ!"

መኝታ ቤት የለም። መታጠቢያ ቤት የለም። ከአልጋው ሥር ሳይቀር አየሁ። ኮቱ ከመስቀያው ላይ ተነስቷል፤ ጫማው ግን በሩ ሥር እንደተቀመጠ ነው።

ወደ ልብስ ሰፊው ወረድኩ። የስፌት መኪናውን እያንጫጫ ነው።

"ጋሼ፣ አባባን አይተውታል?"

"ማንን?" እግሩን ከመርገጫው አነሳ። "አባትህን? አዎ፣ አሁን፣ ግማሽ ሰዓት ይሆነዋል። ኮቱን ግጥም አድርጎ ለብሷል፤ ሰርግ የሚሄድ ነው የሚመስለው። 'ወዴት ነው?' ብለው 'ሬድዮዬ ድምፁ ጠፋ፣ መለዋወጫ ልገዛ ነው' አለኝ።"

"እና ዝም አሉት?"

"ምን ልበለው? አርባ ዓመት ሙሉ ሲል የኖረውን እኮ ነው ያለኝ!" ከዚያ ፊቴን አየ። ፊቱ ተለወጠ። "ውይ! ውይ እኔን! ምን ሆንኩ እኔ?"

መለዋወጫ ይገዛበት የነበረው ሱቅ ከዋናው መንገድ ማዶ ነው። ባለሱቁ ከሞተ ቆየ፤ ሱቁም ከተዘጋ እንዲሁ። መንገዱ ያኔ ሁለት መኪና የማያሳልፍ ነበር። ዛሬ በአንድ አቅጣጫ ብቻ አራት ረድፍ መኪና ይበርበታል።

ሮጥኩ። ልብስ ሰፊው መቀሱን እንደያዘ ከኋላዬ "ማሙሽ፣ መኪናውን እይ! መኪናውን!" እያለ ይጮሃል።

መንገዱ ዳር ስደርስ ቆምኩ። አስፋልቱ ላይ፣ ሁለተኛው ረድፍ ውስጥ፣ አንድ ቡናማ ነጠላ ጫማ ወድቋል። አውቀዋለሁ፤ እኔ ነኝ የገዛሁለት። መኪናዎቹ ይረግጡታል፤ ይገለበጣል፤ ደግሞ ይረግጡታል። ዓይኔ በግድ አስፋልቱን ሲፈልግ፣ እንዳያገኝ እየለመንኩት፣ ስንት ደቂቃ እንደቆምኩ አላውቅም። ደም የለም። የተሰበሰበ ሰው የለም። ጫማው ብቻ ነው ያለው።

እንዴት እንደተሻገርኩ አላስታውስም።

የድሮው መለዋወጫ ሱቅ ዛሬ ጫማ ይሸጥበታል። በመስታወቱ ውስጥ አየሁት። አባባ ጫማ የሚለካበት ዝቅተኛ ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ አንዱ እግሩ ባዶ ነው። ጭኑ ላይ መሐረብ ዘርግቶ የካሜራውን ሆድ ዕቃ አስቀምጧል። አንዲት ሻጭ ፊቱ ተንበርክካ የጫማ ካርቶን ትከፍታለች።

"ቁጥርዎ ስንት ነው፣ አባ?"

"ቁጥሩ ጀርባው ላይ ተጽፏል፣ የኔ ልጅ። ደግሞ ርካሹን እንዳትሰጪኝ፤ ርካሹ ቶሎ ይቃጠላል።"

"ጫማ ነው የምልዎት እኔ!"

"እኔ ምን አደርጋለሁ ጫማ? ባለቤቱን ጥሪልኝ።"

ገባሁ። "አባባ" አልኩ።

ቀና ሳይል እጁን አነሳብኝ። "እስቲ አንዴ ዝም በል፣ ወንድሜ። ልጄ ሊናገር ይሆናል።" ሆድ ዕቃውን በመሐረቡ አንስቶ ጆሮው ላይ ለጠፈ። "በየቀኑ በዚህች ሰዓት ያናግረኝ ነበር። ዛሬ ዝም አለ። አንድ ነገር ደርሶበታል እንጂ ዝም አይልም እሱ። ሠራሁት፣ ፈታሁት፣ ከዕቃው አይደለም። ከልጁ ነው።"

ይህን ሲል ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። እኔ ስለሱ እያበድኩ ስመጣ እሱ ስለኔ እያበደ ነው የወጣው። ወለሉ ላይ፣ ከሻጯ አጠገብ፣ ቁጭ አልኩ።

"ደህና ነው ልጅህ። ምንም አልሆነም።"

"አንተ በምን አወቅህ?"

ሻጯ አንዴ እሱን አንዴ እኔን እያየች አንድ ጥቁር ጫማ አቀበለችኝ። ባዶ እግሩን በመዳፌ ጠርጌ አጠለቅሁለት። በረዶ ሆኗል።

ስንመለስ በማቋረጫው በኩል ወሰድኩት። መንገዱ መሐል ስንደርስ እጄን ጨበጥ አድርጎ ዞር ብሎ አየኝና ፊቱ ድንገት ተቆጣ። "አንተ ልጅ! የት ጠፍተህ ነው እንዲህ የምታስደነግጠኝ?"

"ይቅርታ፣ አባባ" አልኩት።

አሥራ ሁለት ሰዓት አልፏል። እህቴ የነርስ ልብሷን ሳታወልቅ ወጥ ቤት ውስጥ የተቃጠለውን የጠረጴዛ ልብስ በሁለት ጣቷ አንስታ ታያለች። አባባ መኝታ ክፍሉ ውስጥ ጋደም ብሏል።

"ጥፋቱ የኔ ነው፣ እታለም" አልኳት። "ውሉን በደንብ አላነበብኩትም።"

"ልከህልኝ የለ? እኔም አንብቤዋለሁ። እንዲያውም ርካሽ ነው ብዬሃለሁ።" ጨርቁን ቅርጫት ውስጥ ጣለችው። "ደግሞ ካሜራው ቢሠራስ ኖሮ? መበየጃውን ሲሰካ ታየው ነበር፣ እሺ። ከዚያስ? በካሜራ ውስጥ እጅህን ሰደህ ትነቅለዋለህ?"

ለሁለት ሳምንት ሁለታችንም ያላነሳነው ጥያቄ ነው።

ላቦራቶሪያችን ውስጥ ጎህ ሳይቀድ ተጀምሮ ስምንት ሰዓት ላይ የሚያልቅ የናሙና ፈረቃ አለ፤ ማንም አይወደውም። ከዚያ ብወጣ ግን አስታማሚዋ ሳትሄድ አባባ ጋ እደርሳለሁ። እዚያው እንደቆምኩ ለአለቃዬ ጻፍኩለት። አንድ ደቂቃ ሳይሞላ መለሰልኝ፦ "እውነትህን ነው? ሐሳብህን ሳትቀይር ከነገ ጀምር።"

"ሌሊት ተነስተህ ከዚህ እዚያ ድረስ?" አለች እህቴ። "ቤት ተከራይተህ የለም እንዴ፣ ማሙሽ?"

ልመልስላት ስል ስልኬ ጠራ። ድርጅቱ ነው፤ ሌላ ሴት ናት።

"ቅሬታዎ ደርሶናል። በድሮው አድራሻ መስመሩን መመለስ ይቻላል። ነገር ግን ዘጠኝ ቀን ይፈጃል፤ የአዲሱ ቤትዎም ይቋረጣል።"

"ይቋረጥ።"

"እሺ። ተስማሚውን ፓኬጅ እንድመርጥልዎት፣ በቤቱ ውስጥ ስንት ሰው ይኖራል?"

እህቴን አየኋት። ጀርባዋን ሰጥታኝ ቧንቧውን ከፈተች፤ የምታጥበው ዕቃ ግን አልነበረም።

"ሦስት" አልኩ።

ከመኝታ ክፍሉ የአልጋው ሲጢጥታ ተሰማ። "ማነው እዚያ?" አለ አባባ። ድምፁ ውስጥ ፍርሃት ነበረበት።

"እኔ ነኝ፣ አባባ። ልጅህ።"

እህቴ ቧንቧውን ዘጋች። በስልኩ ውስጥ ሴትየዋ "ሃሎ? አሉ? ይሰማዎታል?" ትላለች። እኔ ግን የአባባን መልስ እየጠበቅሁ ነበር።