ያልተበላው ገዓት

ገረዝጊሄር ከእስር ተፈቶ ጸጸራት ሰፈር ወዳለው ቤቱ ሲገባ፣ ሚስቱ ኣበባ መጀመሪያ ያየችው ሱሪውን ነው። እንዳይወልቅበት ወገቡ ላይ በሲባጎ አስሮታል። ፌዴሬሽኑ ፈርሶ ኤርትራ ጠቅላይ ግዛት ከተባለች ወዲህ አስመራ ውስጥ የሚታሰረው ሰው በርክቷል። እሱንም በረሃ ለገቡት ሸማቂዎች ማኪና ጠግነሃል ብለው ነው ከጋራዡ የወሰዱት።

ኣበባ አላለቀሰችም። ወዲያው የገብስ ዱቄት አውጥታ ገዓት ልታገነፋ ጉድ ጉድ አለች። እናቷ አራሱንም በሽተኛውንም የምታነሳው በዚህ ገንፎ ነበር፤ እሱን በወጉ ማገንፋት የማትችል ሴት ቤት ያዝኩ አትበል ትል ነበር። ኣበባ መሃሉን ጎድጉዳ ቅቤና በርበሬ ሞላችበት፤ ዙሪያውን እርጎ አፈሰሰችበት። ገረዝጊሄር ቆረሰ፣ አጠቀሰ፣ ጎረሰ። ጉንጩ ውስጥ ይዞት ቆየና ወደ ጓሮ ወጥቶ ተፋው።

በማግስቱ ቅጫ ጋግራ ትኩሱን በቅቤ ፈተፈተችለት። አልወረደለትም። ዓርብ ሲደርስ ሕልበት ሠራች፤ የአብሹንና የባቄላውን ዱቄት ነጥቶ እስኪኮፈስ ስትመታ ክንዷ ዛለ። ጣቱን ነክሮ መለሰ። ባላቸው ለመንግሥት ሥራ ተመድበው ከጎጃም የመጡት ጎረቤቷ ወይዘሮ አየለችም አጥሚት ይዘው መጡ። ገረዝጊሄር እሳቸውን ላለማሳፈር አንዴ ፉት አለና «የቐንየለይ» ብሎ አመስግኖ አስቀመጠው።

ኣበባ ቅቤውን ቀየረች፣ በርበሬውን ቀየረች፣ በመጨረሻ የገዛ እጇን ጠረጠረች። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እንደገና ገዓት አቅርባ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች።

«ምን አጥፍቼ ነው?» አለችው።

«ኣይፋል፣ አንቺ ምንም አላጠፋሽም» አላት።

ከዚያ ቀስ እያለ ነገራት። ረዳኢ ከሚባል ወጣት መምህር ጋር አንድ ክፍል ታስረው ነበር። ረሃቡ ሲጠናባቸው ገረዝጊሄር የእሷን ምግብ በአፉ ይሠራለታል፤ ዱቄቱን ይነፋል፣ ውሃውን ይጥዳል፣ ያማስላል። ረዳኢ ዓይኑን ጨፍኖ እያዳመጠ ምራቁን ይውጣል።

«የዚያን ቀን ገዓት ነበር» አለ ገረዝጊሄር። «ቅቤው ጋ ስደርስ ስሙን ጠሩት። ቆይ፣ ስመለስ ትጨርስልኛለህ ብሎኝ ወጣ።»

ረዳኢ አልተመለሰም።

ኣበባ ለረዳኢ ያልነገረው ምግብ ይኖር እንደሆነ ጠየቀችው። ሽሮውን ጠራች፣ ዝግኒውን ጠራች፣ በዓል ሲሆን የምትሠራውን ፓስታ እንኳ ጠራች።

«ሁሉንም በልተነዋል» አላት። «እዚያ ያላበላሁት የለም።»

ከዚያ ወዲያ አላስጨነቀችውም። ሻሂ እያፈላች፣ አንዳንዴም ዳቦ ነክራ እየሰጠችው ሰነበቱ። ክረምቱ ሳይገባ ሞተ። ሐኪሙ ሳንባው ነው አለ።

በለቅሶው ጎረቤቶች በየተራ ምግብ አመጡ። ኣበባ አልበላም ብላ ከግድግዳው ተጠግታ ተቀመጠች። ወይዘሮ አየለች አጠገቧ ቁጭ ብለው ሽሮ በእንጀራ ጠቅልለው አጎረሷት። ዋጠችው። ደገሙላት፣ ዋጠችው። ለካ ክፉኛ ርቧት ኖሯል። ጣፈጣት። መጣፈጡ ከሞቱ ብሶ አንገቷን አስደፋት። ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች፤ ከሥሩ ግን ለቀጣዩ ጉርሻ አፏን ከፈተች።