የቃልኪ ትከሻ

ቅዳሜ ጠዋት እናኑ እንደ ልማዷ ቀድማ ተነሳች። መጋረጃውን ገለጠች፣ ሻይ ጣደች፣ ዳቦ ቆረጠች። ልጇ ቃልኪ ከክፍሏ ወጥታ ተቀመጠችና ማር በግራ እጇ መቀባት ጀመረች። ማሩ ከዳቦው ይልቅ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ።

«ቀኝ እጅሽ ምን ሆነ?»

«ናቲንግ፣ ማም።»

«እስቲ ወደ ላይ አንሺው።»

አላነሳችውም። ትናንት ማታ ልምምድ ላይ አንዷ ገፍትራት ከሜዳው አጥር ጋር ተላትማ ነበር። የአሥራ ሰባት ዓመቷ ቃልኪ የበረዶ ሆኪ ተጫዋች ናት። የሐበሻ ቸርች ጓደኞቿ «እኛ በረዶ የምናውቀው ፍሪጅ ውስጥ ነው» እያሉ ያሾፉባታል። ጨዋታውን ያስለመዳት አባቷ ወንድማገኘሁ ነው፤ ዶክላንድስ ሰፈር ወዳለው የበረዶ አዳራሽ ሲያመላልሳት ኖሮ አምና ሞተ። የዋንጫው ጨዋታ ደግሞ ነገ እሑድ ነው።

እናኑ ባዮሎጂ የተማረች፣ ላብራቶሪ ውስጥ የምትሠራ ሴት ናት። አዲስ ጉዳት ላይ በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ እንደሚያዝበት፣ እንደማይታሽና እንደማይሞቅ፣ አጥንት ከተጠረጠረም ራጅ እንደሚያስፈልግ ጠንቅቃ ታውቃለች። ራጁ ያለው ግን ወንድማገኘሁ ገብቶ ባልወጣበት ሆስፒታል ነው። ከቀብሩ ወዲህ በዚያ በር አላለፈችም፤ ትራሙ በዚያ በኩል ሲሄድ እንኳ ዓይኗን ስልኳ ላይ ትተክላለች። ስለዚህ መኪናዋን ወደ ፍሌሚንግተን ሰፈር አዞረች። እዚያ ከረጃጅሞቹ ፎቆች በአንዱ እትዬ መሰረት የሚባሉ ወጌሻ ይኖራሉ።

«አንቺ ልጅ፣ ደግሞ ከበረዶ ጋር ምን አጣላሽ?» አሉ እትዬ መሰረት ቅባቱን በመዳፋቸው እያሟሟቁ። «አባትሽ ነፍሱን ይማረውና፣ ሌላ ጨዋታ ጠፍቶት ነው?»

ቃልኪ ሳቀችና ወዲያው ፊቷን አጨማደደች።

«ቀስ ይበሉ፣ እትዬ» አለች እናኑ።

«ኧረ አንቺ ደሞ! የዚህ ሰፈር ኳስ ተጫዋች ሁሉ በዚህች እጅ ያለፈ ነው። ወለምታ ነው። በኢየሱስ ስም ነገ ትጫወታለች!»

እናኑ ትንፋሿ መለስ አለላት። ወለምታ ከሆነ ሆስፒታል መሄድ የለም። የልጇን ግራ እጅ ያዘች። እትዬ መሰረት አሹ፣ አሹና ክንዷን ወደ ታች ሳብ አደረጉት።

«ስቶፕ! ማም፣ ፕሊስ!»

የልጅቷን ግንባር ላብ አጠመቀው፤ ከንፈሯ ነጣ። ከአንገቷ ወደ ትከሻዋ በሚሄደው አጥንት ላይ፣ ከቆዳው ሥር፣ ቅድም ያልነበረ ጉብታ ቆሟል።

«አንዴ ብቻ ልመልሰው…»

«ይተዉት፣ እትዬ!»

አሮጊቷ እጃቸውን ሰበሰቡ። «አምላኬ፣ ሰበርኳት እንዴ?»

«ማታ የተሰበረ ነው» አለች እናኑ። ሻርፗን ከአንገቷ ፈታ የልጇን ክንድ ደረቷ ላይ አሰረችላት።

ከሆስፒታሉ ደጅ ሲደርሱ ቃልኪ ቀበቶዋን በግራ እጇ ፈታች። «አንቺ መኪናው ውስጥ ቆይ፣ ማም። አይ ካን ጎ አሎን።»

እናኑ ልጇን አየቻት። ለካ ይህን በር እንደምትሸሽ ታውቃለች። ለካ ጠዋት «ናቲንግ» ያለችው ለዚህ ነው።

«ክንድሽን አታንቀሳቅሺ» አለችና ቀድማ ወረደች።

ወንበሮቹ ያው ናቸው፤ ሽታውም ያው። ከልጇ ጎን ተቀመጠች። ሐኪሟ ራጁን አይታ አጥንቱ መሰበሩን ነገረቻቸው። ጭንቅላቷም ተመቶ እንደሆነ፣ ያቅለሸልሻት እንደሆነ ጠየቀች፤ የለም። ቀዶ ጥገና አያስፈልግም፤ ክንዱ ተንጠልጥሎ ይቆይ፣ በረዶ ይያዝበት፣ በትራስ ተደግፋ ትተኛ፣ ጣቶቿን ታፍታታ፤ አጥንቱ ሳይገጥም ግን ወደ በረዶው ሜዳ እንዳትገባ።

«ነገስ?» አለች ቃልኪ።

ሐኪሟ አይሆንም ስትል ራሷን ወዘወዘች። ለአጥንቷ ያላለቀሰችው ልጅ ለእሑዱ ጨዋታ አለቀሰች። እናኑ ፀጉሯን ዳበሰቻት።

በማግስቱ ከአምልኮ በኋላ አብረው ጨዋታውን ሊያዩ ወደ በረዶ አዳራሹ ሄዱ። እናኑ ወደ አዳራሹ ስትገባ የመጀመሪያዋ ነበር።

«እንዲህ ይበርዳል እንዴ?»

«አባዬም ሁልጊዜ ያማርር ነበር። ግን አንድም ቀን ቀርቶ አያውቅም።»

ፊሽካው ተነፋ፤ ልጆቹ በረዶውን እየፋቁ ተንደረደሩ። ቃልኪ ከመካከላቸው የለችም። ወንድማገኘሁም የለም።